በግራ እጅ የሚገዛ ሰማይ

ጥቅምት 6 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ብዕር ያነሣሁበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ የጠፈር ስትራቴጂ ከሚባሉት የቪዲዮ ጨዋታዎች መካከል ለጀማሪ የሚስማማውን መርጠህ እንድታሳውቀኝ ለመጠየቅ ነው። ይህን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያሰፈርሁት አንተ ያልተጻፈ ነገር የማንበብ ልማድ ስላለህ ነው። ያልተጻፈ ነገር የለም።

እንደምን ሰነበትህ? የምታድርበት ክፍል የመስኮቱ መስተዋት ተተካ ወይስ አሁንም ነፋሱን በካርቶን ትከላከላለህ? ሳልጽፍልህ በመሰንበቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ከማጉረምረሙ በቀር ሌላው አካሌ ጡረታ መውጣቴን ገና አልሰማም።

ባለፈው ደብዳቤህ ስለ አባትህ ስልክ ጠይቀኸኛል። የማይነሣው ተበላሽቶ ነው። ጠጋኙ ዕቃ እስኪመጣ ጠብቁ ብሏል። እስከዚያ ድረስ መልእክት የሚልክልህ በእኔ ስልክ ይሆናል። ድምፁን ለመስማት መጓጓትህን እረዳለሁ፤ ሆኖም ጉሮሮው ስለ ተዘጋ ለጊዜው በጽሑፍ ብትገናኙ ይሻላል። የእርሱም አሳብ ይኸው ነው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የምትመርጠው ጨዋታ ተጫዋቹ አስቦ እስኪጨርስ ድረስ ቆሞ የሚጠብቅ መሆን አለበት። ፊደሎቹ ከጋዜጣ ርእስ አይነሱ። መካከል ላይ ቢዘጋ፣ ሲከፈት እዚያው የተተወበት ቦታ ይገኝ። ከሁሉም በላይ በአንድ እጅ፣ ይኸውም በግራ እጅ ብቻ፣ የሚቻል ይሁን። የሚዋጋ ካለ ይዋጋ፤ ደም ግን ባይታይ እመርጣለሁ።

ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት የመራ ሰው ከከዋክብት ጋር ምን አገናኘው ትለኝ ይሆናል። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ይባል የለም? የማፋታት ልጅ ስለሌለኝ ፕላኔት ላስተዳድር ብዬ ነው።

መልስህን እስከ ጥቅምት 20 ቀን ድረስ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

አጎትህ


ጥቅምት 13

ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል?

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ፣ ሁለቴ ደግሞ አናምንም ላሉኝ የክፍል ጓደኞቼ። «ስልክ ሲደወልላቸው 'ዋናውን ነጥብ' የሚሉት አጎትህ ናቸው ጌም የሚጫወቱት?» አሉ። ናቸው አልኩ። ደብዳቤ ላይ ሰዓት የሚጽፍ ሌላ ሰው ደግሞ ከየት ይመጣል? «የገባበት ሰዓት ያልተጻፈበት ወረቀት እንዳልገባ ይቆጠራል» እያሉ አይደል ያሳደጉን።

ትዝ ይልዎት እንደሆነ፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ሳለሁ አንድ ቀን አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ መጥተው ነበር። አባዬ ከሥራ ሲወጣ እዚያው ስምሪት ክፍሉ ውስጥ፣ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ የጠፈር ጌም እንጫወት ነበር። በሩ ላይ ቆመው አዩንና «አንድ ሕፃን ያለ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሁለት ናችሁ» ብለው በሩን ዘጉት። አባዬ ሳቁን አፍኖ ቆየና «ተወው፤ ጋሼ ፕላኔት ቢሰጠው መጀመሪያ ማኅተም ነው የሚያስቀርጸው» አለኝ። ያኔ የተነሳነውን ፎቶ አሁንም ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል አይደል?

አሁን ወደ ምርጫው። የጌሞቹ ስም የሰው አገር ስም ስለሆነ ምላስዎን እንዳያስቸግር እኛ የምንጠራቸውን እጽፋለሁ። አንደኛው «ጥድፊያው» ነው። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ማንንም አይጠብቅም። መስፈርትዎን አያሟላም፤ ግን እሱን ቀድመው ካዩት ሌሎቹን ያመሰግናሉ። ሁለተኛው «ሒሳብ ሹሙ» ይባላል። ከጦርነቱ ሠንጠረዡ ይበዛል፤ እርስዎን ሳስብ የመጣልኝ እሱ ነው። ሦስተኛው «ተራ ጠባቂው» ነው። አንድ እርምጃ ሄደው ዓመት ቢቀመጡ አይቆጣም። ሁለት ሰው በሩቅ ሆኖም ይጫወተዋል፤ አንዱ ተራውን ይጨርስና ፋይሉን ለሌላው ይልካል። ትንሽ ያረጀ ነው፤ ሥዕሉም አያምርም። ለእርስዎ ይቀዘቅዝብዎታል ብዬ ነው መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት።

እኔ ደኅና ነኝ። መስተዋቱ አልተተካም፤ ካርቶኑ ግን በአዲስ ካርቶን ተተክቷል። የበረራ መቆጣጠር ትምህርቱ ወደ ማለቂያው ነው። የመጨረሻው ፈተና ኅዳር 29 ነው። የቀረ ሰው፣ ሞትም ቢያስቀረው፣ ዓመቱን ከመጀመሪያ ይደግማል። ሁለተኛ ዕድል የሚባል የለም።

የአባዬ መልእክት ደረሰኝ። «በርትተህ አጥና፤ እኔ ደኅና ነኝ።» ይላል። አባዬ መልእክቱን በአራት ነጥብ ሲዘጋ ይሄ የመጀመሪያው ነው። አጠገቡ ቆመው ነበር መሰለኝ።

ለመሆኑ ጌሙን ብቻዎን ነው የሚጫወቱት? ከማን ጋር ነው?

ሰባት ቁጥር

ስሙን እንደማይወዱት አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ ከሰባት ቁጥር አውቶቡስ አልወርድም ብዬ እያለቀስኩ ያተረፍኩት ነው። ያወጣው አባዬ ስለሆነ ቅሬታ ካለዎት ለእሱ ያቅርቡ። በጽሑፍ።


ጥቅምት 24 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ይህን የምጽፍልህ የላክኸው ምክር በሥራ ላይ የዋለበትን ሁኔታ ለማሳወቅ ነው።

ከቤቴ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ኮምፒውተር የምትጠግን ባለሙያ አለች። ደንበኞቿ «ጠጋኟ» ይሏታል። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አስተካክላ በትከሻዋ ተሸክማ ደረጃውን አወጣችልኝ፤ ጨዋታዎቹንም ጫነች። «አባባ፣ ለልጅ ልጅ ነው?» አለችኝ። «ለአዋቂ ነው» አልኋት። «እሱ ይብሳል። ልጅ ሲጠሩት ለምሳ ይነሣል» አለች።

በጥድፊያው ጀመርሁ። የመመሪያውን ሁለተኛ አንቀጽ ሳልጨርስ ጠላት ዋና ከተማዬን ይዞ ነበር።

«ጦርነት ሳይታወጅ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አባባ፣ እዚህ ማመልከቻ የሚቀበል መስኮት የለም።»

«ታዲያ ሰው መቼ ያስባል?»

«እየሮጠ ነዋ።»

በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ መንግሥቴ ፈረሰ። እንዲነሣ አዘዝሁ።

ሒሳብ ሹሙን ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ወደድሁት። ከአንዱ ፕላኔት ወደ ሌላው የተላከ እህል በቀኑ፣ በመጠኑና በላኪው ተመዝግቦ ይታያል። መመሪያው ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ገጽ ነው፤ አርባ ሦስት ስሕተት አግኝቼበት ለአሳታሚዎቹ ዝርዝሩን ልኬአለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ መዝገቤን አሰናዳሁ። በአራተኛው ቀን ሕዝቡ ዐመፀ። መዝገቡን ደጋግሜ አየሁት፤ ልክ ነበር። ጠጋኟ አጠገቤ ቆማ ጥቂት ተመለከተችና «እህሉ ተጽፏል፤ አልተጫነም። ከመርከቦቹ አንዱም አልተነሣም እኮ፣ አባባ» አለች። ሕዝቡ የተራበው እኔ መዝገብ ሳሳምር ነው። ይህን ነገር ከሚገባው በላይ ቆይቼ አሰብሁበት።

የሆነ ሆኖ ፊደሉ እንደ ጤፍ የደቀቀ ነው፤ ሁለት እጅም ይጠይቃል። ለተጫዋቹ አይሆንም።

በ18 የጻፍኸው ሁለተኛው ደብዳቤ ደርሶኛል። ጥያቄዎችህን በቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ። አዎን፣ ይበላል። አይደለም፣ ከእኔ ጋር አልተጣላም። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችሁ ቤቱ ተዘግቶ ሰነበተ ያለችህ ትክክል ነው፤ አባትህ እኔ ዘንድ ሰንብቷል። ሁለት ሽማግሌ በሁለት ቤት መብራት ማብራቱ ብክነት ሆኖ ስላገኘነው ነው። የቀረውን ስትጠይቃት «አጎትህን ጠይቅ» ማለቷም ተገቢ ነው። የግራ እጅን ነገር ደግሞ ያነሣሁት ቀኝ አንጓዬን ስለሚያመኝ ነው። ጨዋታውን ከማን ጋር እንደምጫወት ለጠየቅኸው መልሱ ገና አልተወሰነም የሚል ነው።

ሰባት ቁጥር የሚለውን አጠራር በተመለከተ አቋሜ አልተለወጠም። ሰው አውቶቡስ አይደለም።

ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት እንደ ልማዴ ደግሜ አነበብሁት። የሰዋስው ስሕተት አላገኘሁበትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

እስከ ኅዳር 10 ቀን ድረስ በጽሑፍ መልስልኝ።

አጎትህ


ኅዳር 9

ጋሼ፣

ዛሬ ቀልድ የለኝም። ደብዳቤዎን ካምና ከጻፉልኝ ጋር ጎን ለጎን ዘርግቼ አየሁት። ፊደሉ ያው ነው፤ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። አንጓው የታመመ ሰው እንዲህ አይጽፍም። በግራ ጽፈውት ነው እንዳልል እርስዎ በግራ እጅዎ ማንኪያ እንኳ አይዙም።

ደግሞ «ለተጫዋቹ አይሆንም» ይላሉ። ተጫዋቹ እርስዎ ቢሆኑ «ለእኔ አይሆንም» ብለው ይገላገሉ ነበር።

አባዬ ቀኝ እጁን ምን ሆነ? ድምፁስ?

እዚህ የምንማረው ጆሮ ላይ ማዳመጫ አድርጎ መስማት ነው። አስተማሪያችን «የሚጮኽ አብራሪ አያስፈራም፤ አለ ማለት ነው። የምትደነግጡት ዝም ሲል ነው» ይለናል። እናንተ ቤት ከወር በላይ ዝም ተብሏል። እኔ ደግሞ ስለ ጌም እየጻፍኩ እቀልድ ነበር።

ለምን እንደደበቃችሁኝ አላጣሁትም። ፈተናው ነው። ትናንት ሻንጣዬን አዘጋጅቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ እናቴ ያረፈች ሳምንት አባዬ ያለኝ ትዝ አለኝ። ያን ቀን የአንዱ ሾፌር ሚስት ሆስፒታል ገብታ ነበርና ልንገረው ወይ ስለው «መንገድ ላይ ያለን ሾፌር አያስደነግጡም፤ መናኸሪያ ሲገባ እኔው እነግረዋለሁ» አለኝ። እሱ የፈለገው እንደዚህ ከሆነ እሺ። ሻንጣውን ፈታሁት። መንገዱን እጨርሳለሁ።

ግን ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። በሕይወት ካለ፣ ይሄ ደብዳቤ የደረሰዎት ቀን በስልክ አንድ ቃል ይላኩልኝ። «አለ» ይበሉኝ፣ ይበቃኛል። ብዙ ነገር ደብቀውኛል፤ ይሄን ግን አይዋሹኝም። ሁለተኛ፣ በ29 እፈተናለሁ፤ በ30 ብዕርዎን ያንሡና ሁሉንም ይጻፉልኝ። ምንም ሳያስተካክሉ።

ተራ ጠባቂውን ይክፈቱለት። እሱን ነበር በመጀመሪያ ማለት የነበረብኝ። ለእርስዎ መስሎኝ ነው።


ኅዳር 15 ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ይህን የምጽፈው በስልክ የላክሁት ቃል እውነት መሆኑን በፊርማዬ ለማረጋገጥ ነው። ደብዳቤህን ቆሜ፣ ኮቴን ሳላወልቅ፣ በራፍ ላይ አንብቤ ነው የላክሁልህ።

እስከ 30 ሌላ ነገር አልጽፍም። ይቅርታ የምጠይቅበትን ጉዳይ ሳልነግርህ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ሥርዓቱ አይደለም። ዝም ያልሁት አንተ በሰጠኸኝ ቀነ ገደብ ምክንያት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንኛ በታደልሁ።

ተራ ጠባቂው ትናንት ተከፍቷል። የመጀመሪያው እርምጃ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ጨዋታው ጠበቀ።

በርትተህ አጥና። ይህኛውን የምልህ እኔ ነኝ።

አጎትህ


ኅዳር 30 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዛሬው ቀን እውነቱን እንድጽፍልህ ስለጠየቅኸኝ ነው። ከላይ ያሰፈርሁትን ሰዓት በልብህ ያዝልኝ። ሆን ብዬ ጠብቄ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

አባትህን መስከረም 19 ቀን ስትሮክ መትቶታል። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም። ንግግሩም ተይዟል። ሰው ያውቃል፤ የሚባለውን ሁሉ ይረዳል፤ ይስቃልም። ሐኪሞቹ ነፍሱ ከአደጋ ወጥታለች ብለዋል። በእግሩ በኩል ተስፋ አለ፤ በእጁ በኩል የሚሉኝ ጥቂት ነው። ይህ የመጀመሪያው እውነት ነው፤ እርሱን መጻፍ ቀላል ነበር።

ሁለተኛው እንዲህ ነው። በዚያ ቀን የድሮ ደብዳቤዎቼን በፊደል ተራ አደራጅ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ስልኬ ጠራ። አባትህ ነበር። «ሰባት» አለኝ። «እጄ። ሰባት አልወጣም። ጋሼ፣ መብራቱ፣ እጄ፣ ሰባት።» ቃሉ እርስ በርሱ ይጋጭ ነበር፤ ምላሱም ይጎተት ነበር። እናትህ ካረፈች በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል መጠጥ ላይ ወድቆ እንደ ነበር አንተም ታስታውሳለህ። ከተወው ስድስት ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ከስድስቱ ዓመት ይልቅ አንዱን አስታወስሁ። «በዚህ ሰዓት ጠጥተሃል» አልሁት። «ሐሳብህን ስትሰበስብ በጽሑፍ አቅርብልኝ» አልሁና ዘጋሁበት።

በመዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ተለጥፎ የኖረው ማስታወቂያ «በቃል የሚቀርብ አቤቱታ አይስተናገድም» የሚል ነበር። የጻፍሁትም የለጠፍሁትም እኔ ነኝ። ከሥራ ስወጣ መስኮቱን ትቼ ማስታወቂያውን ይዤ መጣሁ መሰለኝ።

በሦስት ሰዓት ከሃያ ስድስት እንደገና ጠራ። ቁጥሩን አየሁት። አላነሣሁትም።

ልብስ ሰፊዋ ለማስተካከል የሰጣትን ሱሪ ልታስረክበው ስትመጣ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በራፉ ሥር ወድቆ አገኘችው። የጠራችው እኔን ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሆስፒታል ደረስን። ከዚህ በኋላ ያለው ሦስተኛው እውነት ነው፤ እርሱን ለመጻፍ ነው ሁለት ወር ሙሉ ስለ ከዋክብት የጻፍሁልህ።

ወጣቱ ሐኪም «ስንት ሰዓት ላይ ጀመረው?» ብሎ ጠየቀኝ። አንዲት ነርስና ልብስ ሰፊዋ አጠገቤ ቆመው ነበር። እኔ የሚደወልልኝን ስልክ ሁሉ በኪሴ በምይዘው ደብተር ላይ እንደምመዘግብ ታውቃለህ። ደብተሩ በደረት ኪሴ ነበር። «3:20፣ ወንድሜ፣ ጉዳዩ ያልተለየ» የሚል ተጽፎበታል። ከሥሩም «3:26፣ ወንድሜ፣ ያልተነሣ» ይላል። ሰዓቱን ብናገር «እንዴት ዐወቁ?» ሊሉኝ ነው። «አላውቅም» አልሁ።

የጀመረበት ሰዓት ከታወቀና ጊዜው ካላለፈ የሚሰጥ መድኃኒት ነበር። ካልታወቀ አይሰጥም፤ ደም ያፈስሳልና። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። ባውቅ እናገር ነበር ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ያምነኛል።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሐኪሙ ሄጄ ደብተሩን ከፍቼ አሳየሁት። አየውና ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ትናንት ቢሆን» አለ። አልጨረሰውም። በሕይወቴ ሙሉ ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር ታግሼ አላውቅም። ያንን ግን እንዲጨርሰው አልጠየቅሁትም።

ሠላሳ አራት ዓመት በእጄ ያለፈ ወረቀት ሁሉ የገባበት ሰዓት ተመቶበት ነው ያለፈው። አንድም ቀን ማንም ሰው ያን ሰዓት ፈልጎ መጥቶ አያውቅም። ሲፈለግ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እርሱንም ደበቅሁት።

ለአንተ እንዳይነገር የጠየቀው አባትህ ነው፤ ይህ እውነት ነው። «ለልጅህ ልጻፍለት?» ስለው ራሱን ወዘወዘ፤ በግራ እጁ የቀን መቁጠሪያውን ገልጦ ኅዳር 29ን በጥፍሩ ጫረው። እኔም እሺ አልሁ። እሺ ያልሁት ለአንተ ፈተና ብቻ ብዬ አልነበረም። የእርሱ ፈቃድ ለእኔ ኀፍረት ጥሩ መጋረጃ ሆነልኝ። በስሙ የላክሁልህን መልእክትም የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ እርሱ ጎኔ ተቀምጦ «እሺ» እያለ ነበር።

«እሺ» ከቀሩለት ሁለት ቃላት አንዱ ነው። ሁለተኛው «ሰባት» ነው። የንግግር ሐኪሟ መጀመሪያ ቁጥር የሚቆጥር መስሏት «ስምንት በሉ» እያለች ትለምነው ነበር። እርሱ ራሱን እየነቀነቀ «ሰባት» ይላታል። «ይህ ቁጥር አይደለም፤ የልጁ ስም ነው» ብዬ የነገርኋት እኔ ነኝ። በስልክ የጠራህም አንተን ነበር ማለት ነው። ያን ስም አልወደውም ብዬህ ነበር። ቃሌን አንሥቻለሁ።

የጨዋታው ነገር የመጣው በእርሷ ነው። «የሚወደውን ነገር በግራ እጁ ይሥራ፤ የሚያሳስብ ይሁን፤ የሚያጣድፈው ግን አይሁን» አለች። ምን እንደሚወድ ስጠይቀው ከቤቱ ያመጣሁለትን ፎቶ አመለከተኝ፤ አንተና እርሱ ስምሪት ክፍል፣ አሮጌው ኮምፒውተር ፊት ተደግፋችሁ የተነሣችሁትን። ሁለቱ ሕፃናት። እኔ ፕላኔት ይሁን ጨረቃ መለየት ስለማልችል ወደ አንተ ጻፍሁ። ጥድፊያውንና ሒሳብ ሹሙን ቀድሜ እኔ የሞከርሁት እርሱ በሰው ፊት እንዲዋረድ ስላልፈለግሁ ነው። ተራ ጠባቂውን ስንከፍትለት ሥዕሉን አይቶ ሳቀ። የድሮውን የሚመስል ነገር አለው መሰለኝ። ማውሱን በግራ እጁ አንድ ጣት ወደፊት ሲገፋው ሁለት ጣት ወደ ጎን ይሸሽበታል። በዚያ አርባ ደቂቃ ውስጥ እኔ ሦስት ጊዜ እጄን ልዘረጋ ነበር፤ ጠጋኟ ሦስቱንም ጊዜ በክርኗ መለሰችኝ። «አባባ፣ ተራው የእሳቸው ነው» እያለች። ጨዋታው ያን ሁሉ ጊዜ አንድም ነገር ሳይል ቆመለት። እኔ ለአንድ ደቂቃ ያህል እንኳ አልቆምሁለትም ነበር።

ዛሬ ጠዋት፣ ይህን ከመጻፌ በፊት፣ ለእርሱም ነገርሁት። ስልኩን፣ ደብተሩን፣ «አላውቅም» ያልሁትን፣ ሁሉንም። ሁለቱን ጥሪዎች ያስታውስ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር፤ ለመጠየቅም ወኔው አልነበረኝም። እስክጨርስ ድረስ ዐይን ዐይኔን አየኝ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስልኬን በግራ እጁ ስቦ ፊቱን ወደ ታች ገለበጠው። ይቅር ብዬሃለሁ ማለቱ ይሁን፣ ዝም በል ማለቱ ይሁን፣ ሁለተኛ አታንሣብኝ ማለቱ ይሁን አልለየሁም። አልተረጎምሁትም፤ አንተም እንድትተረጉምልኝ አልጠይቅህም። እንዳየሁት አስፍሬልሃለሁ።

ከአንተ ይቅርታ የምጠይቅበት ጉዳይ እንግዲህ ይህ ነው። ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ከዚህ በላይ የተዋበ አባባል ብፈልግ አገኝ ነበር።

በዚህ ፖስታ ውስጥ አንዲት ፍላሽ አለች። ትናንት አንተ በምትፈተንበት ጧት አባትህ በራሱ ጊዜ ኮምፒውተሩን አመለከተ። ያለችውን አንዲት መርከብ ከዋና ከተማው አስነሥቶ በካርታው ጫፍ ወዳለው፣ ማንም ወደማይደርስበት ኮከብ ሰደዳት። «ቤትህን ያለ ጠባቂ ተውኸው እኮ፤ ይህ የስልት ስሕተት ነው» አልሁት። አላየኝም። መርከቧ ስም ስትጠየቅ በግራ እጁ አመልካች ጣት፣ አንድ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ስቶ በሦስተኛው አገኘና፣ 7 ብሎ ጻፈላት። ከዚያ ተራውን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። ጠጋኟ ፋይሉን በዚህች ፍላሽ ላይ አወጣችልኝ። ከማን ጋር እንደምጫወት ጠይቀኸኝ ነበር። የሚጫወተው እርሱ ነው፤ ከአንተ ጋር ነው። በካርታው ማዶ ያለው መንግሥት የአንተ ነው፤ መርከቧ ድንበርህ ላይ ቆማለች።

ለእኔ ላትጽፍልኝ ትችላለህ፤ መብትህ ነው። ለእርሱ ግን ተራህን ተጫውተህ እስከ ታኅሣሥ 15 ቀን ድረስ ላክለት፤ ፈተናው እንዴት እንደ ነበርም በጽሑፍ አሳውቀው። ዛሬም ገና ሲነጋ ማያውን ከፍቶ መርከቧ እዚያው መቆሟን አይቶ ዘጋው። መጻፍ ካቃተህ ደውል። ስልኩን ቀና አድርጌዋለሁ፤ በየትኛውም ሰዓት አነሣዋለሁ። ቃሉ ቢዘበራረቅብህ፣ ብትጮኽ፣ ብታለቅስ፣ ዋናውን ነጥብ ብታጣው፣ እስክትጨርስ ድረስ እሰማሃለሁ።

ሰባት ቁጥር፣ እስከ ታኅሣሥ 15 ቀን መልስህን እጠብቃለሁ።

አጎትህ